የጋራዡ እድር

ያን ሰውዬ እስከ ዛሬ አልወደውም። ሞቷል ሲሉኝም ነፍስ ይማር ለማለት አፌ አልታዘዘኝም።

በደርግ ጊዜ አሰላ ውስጥ የመንግሥት እርሻ ትራክተሮች በሚጠገኑበት ጋራዥ፣ ሠራተኛ ጉዳይ ክፍል እሠራ ነበር። የሁሩታው ጋራዥ ከእኛ ጋር ይቀላቀል ተባለና ያ ሰውዬ ሥራ አስኪያጅ ሆኖ ከአዲስ አበባ ተላከልን። እኔን ደግሞ አጭር ኮርስ አስተምረው «ለውጡን እንዲመራ እርጂው» አሉኝ። የሚረዳው እርዳታ የሚፈልግ ሰው ነው። እሱ የሚፈልገው አጨብጫቢ ነበር።

ሥራዬን ግን ሠራሁ። የሁለቱንም ጋራዥ ካቦዎች ለየብቻ አነጋገርኩ። ማሽኑ ቢቀላቀል፣ ፈረቃው ቢቀየር ግድ አልነበራቸውም። የሚፈሩት እድራቸው እንዳይነካ ብቻ ነበር። የእኛ እድር የራሱ ድንኳን፣ አግዳሚ ወንበርና ትልልቅ ድስቶች ነበሩት። ክርስቲያኑም ሙስሊሙም አብሮ ያዋጣል፣ አብሮ ይቀብራል። እኔም ከእነሱ ባላነሰ ፈርቼ ነበር። አባቴ የዚያው ጋራዥ ጡረተኛ በያጅ ነው፤ ታሞ አልጋ ላይ ከዋለ ሰንብቷል። «እኔን የሚያነሱኝ የጋራዡ ልጆች ናቸው» እያለ ነበር የሚጽናናው።

ሥራ አስኪያጁ ቢሮ ገባሁ። «ሌላውን ሁሉ ይቀይሩ፣ እድሩን ግን ባይነኩት ይሻላል። የግድ ከሆነም መጀመሪያ ዳኛውን ያነጋግሯቸው» አልኩት። የእድሩ ዳኛ አንጋፋው ካቦ ነበሩ።

እስክሪብቶውን እያሽከረከረ «ጓድ፣ እድር የአሮጌው ሥርዓት ርዝራዥ ነው። ሠራተኛ ማኅበሩ ይቀብራቸዋል» አለኝ።

«ማኅበሩ ለቅሶ ይደርሳል?» ብዬ ብጠይቀው ጠረጴዛውን መታ። በማግስቱ ማስታወቂያ ተለጠፈ፤ እድሩ ፈረሰ፣ ድንኳኑም ለስብሰባ ይሆናል ተብሎ መጋዘን ገባ።

ካቦው በር ላይ ጠበቁኝ። «ኢንታላ ቲያ» አሉኝ፣ ልጄ ማለታቸው ነው፤ «አንቺ ነሽ እንዴ የመከርሽው?» በንዴት እንባዬ መጣ። አይደለሁም ብል ማን ያምነኛል? ከሰውዬው ቢሮ ስገባ ስወጣ ነው የሚያዩኝ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ምሳ ሰዓት አጠገቤ የሚቀመጥ ሰው ጠፋ።

አባቴ በክረምት አረፈ። የጋራዡ ሰዎች ይቀሩ ይሆን እያልኩ በር በሩን አይ ነበር። መጡ። ካቦው ከፊት ሆነው፣ የሁሩታዎቹም ሳይቀሩ መጡ፤ አስከሬኑንም እነሱ ተሸክመው ቀበሩት። ከቀብር ስንመለስ ግን ለቅሶ መቀመጫ አልነበረም። የጭላሎ ዝናብ ይወርዳል፣ ሰው ሁሉ ግድግዳ ተጠግቶ ቆመ።

ያኔ የመሥሪያ ቤቱ መኪና ድንኳኑንና አግዳሚዎቹን ጭኖ መጣ። አልዋሽም፣ ደስ አለኝ። ልጆቹ ቶሎ ተከሉት፣ ለቀስተኛው ገብቶ ተቀመጠ። ሥራ አስኪያጁ ከጋቢናው ወርዶ ገባና መሀል ቆሞ ጉሮሮውን ጠረገ።

«ጓዶች፣ የለውጡን ፍሬ በዓይናችሁ እያያችሁ ነው። ትናንት በመዋጮ የሚገኘውን ድንኳን ዛሬ መሥሪያ ቤታችሁ ሰጣችሁ» ብሎ ጀመረ።

የገዛ ድንኳናቸውን ነው ሰጠኋችሁ የሚላቸው! ምሰሶውን የበየደው ያን ቀን የቀበርነው አባቴ ነው። ደሜ ፈላ።

ካቦው ብድግ አሉና የተቀመጡበትን አግዳሚ ከአንድ ጎረምሳ ጋር ይዘው ወደ ዝናቡ ወጡና እዚያው ተቀመጡ። ሌሎቹም ተከተሏቸው። አክስቴ ሳትቀር ጋቢዋን ራሷ ላይ ጥላ ወጣች።

ሥራ አስኪያጁ ፊቱ ቀላ። «ጓድ፣ ምን ታያለሽ? አነጋግሪያቸው እንጂ!» አለኝ።

«መሪው እርስዎ አይደሉ? ይምሩ!» አልኩትና ድንኳኑ ውስጥ ብቻውን ትቼው ወጣሁ። ካቦው ፈቀቅ ብለው አጠገባቸው አስቀመጡኝ።