ከሾፌሩ በር ሥር የወጣው ቱቦ

ትናንት ፒያሳ፣ በአንድ ጋራዥ በር ሳልፍ የብየዳ ሽታ ይዞኝ ቆምኩ።

በደርግ ጊዜ ነው፤ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። የእናቴ ታናሽ ወንድም ማቴዎስ ከጦር ግንባር ጆሮው ተጎድቶ ወደ አዋሳ ተመልሶ ነበር። ከመዝመቱ በፊት በያጅ ስለነበረ፣ ግቢያችን ውስጥ ቆማ የቆየችውን አሮጌ መኪናውን መሥራት ጀመረ። ከሐይቁ ዳር ያመጣሁለትን ደረቅ አሸዋ ቱቦ ውስጥ ይሞላና፣ ሲታጠፍ እንዳይጨፈለቅ በእሳት አግሎ ቀስ እያለ ያጥፈዋል። ከሞተሩ የሚወጡትን አራት ቱቦዎች አንድ ላይ በየዳቸው። ጭሱን ግን እንደ ሌላ መኪና ወደ ኋላ አልወሰደውም፤ ከሾፌሩ በር ሥር ወደ ጎን አወጣው። ድምፅ የሚያፍነውን ማርሚታም ተወው።

እናቴ ጆሮው ሥር ተጠግታ ጮክ ብላ፣ "ይሄ እኮ ጎረቤት ይረብሻል" አለችው።

"እኔም እንድሰማው ብዬ ነው። ዝምታው አደከመኝ" አላት።

እኔ ሥራው ያደከመው መስሎኝ ውኃ አመጣሁለት።

ሞተሩ የተነሳ ቀን ዶሮዎቹ ተበታተኑ፤ የቆርቆሮው አጥር ተንቀጠቀጠ። ጆሮዎቼን በሁለት እጄ ደፈንኩ። አጎቴ መሪውን እንደያዘ ትንሽ ጠበቀና ወደ እኔ ዞረ።

"ተነሳ?" አለኝ።

በአንገቴ አዎ አልኩት። ሞተሩን አላጠፋም። መዳፉን በሩ ላይ ዘርግቶ፣ ዓይኑን ጨፍኖ ብዙ ቆየ። እናቴ ስለ ጎረቤት ምንም ሳትናገር ወደ ቤት ገባች።

ትናንት የጋራዡ ወጣት በያጅ ቀና ብሎ፣ "እናቴ፣ ብርሃኑን አይዩት፤ ዓይንዎን ይጎዳዎታል" አለኝ። አመስግኜው መንገዴን ቀጠልኩ።