የተጠረገው ግጦሽ

አገር ቤት ሳለሁ የማስተርስ መመረቂያዬን የጻፍኩት ስለ ቅጠል መበስበስ ነበር። በግጦሽ መሬት ላይ የረገፈ የግራርና የዋንዛ ቅጠል በስንት ጊዜ አፈር እንደሚሆን ለማወቅ፣ ቅጠሉን በመረብ ከረጢት እያደረግኩ ከዛፍ ሥር አስቀምጥና በየወሩ እያወጣሁ እመዝን ነበር። እናቴ፣ ልጅሽ ምን ይሠራል ሲሏት «መንግሥት መሥሪያ ቤት ነው» ብላ ታልፈው ነበር። አልፈርድባትም።

አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ስገባ ይህ ሁሉ እውቀት ግቢ የሚያጸዳ ድርጅት ውስጥ አስቀጠረኝ። ነገ አፈር የሚሆነውን ቅጠል ከሰው ደጅ ብሎወር በሚሉት የንፋስ ሞተር እየነፋሁ መንገድ ዳር ስከምር፣ ባለቤቶቹ በመስኮት አውራ ጣታቸውን ያሳዩኛል። በቅጠል ጉዳይ ስመሰገን ያ የመጀመሪያዬ ነው።

የሰባት ቤተሰብ ማኅበር አለን። ሊቀ መንበራችን እዚሁ አቅራቢያችን አሌክሳንድሪያ የሚኖሩ ሽማግሌ ናቸው፤ ሁላችንም ጋሼ እንላቸዋለን። መሬታቸው በአብዮቱ የተወረሰባቸው ሰው ስለሆኑ፣ «ለልጅ ልጆቼ ርስት ባላወርስም በግ አወርሳለሁ» ብለው ከአሌክሳንድሪያ ወደ ደቡብ አንድ ሰዓት ተኩል የሚያስነዳ ዛፍ የሞላበት ዳገት አስገዙንና በጎች አሰማራን። ሳሩ ካልበቃ ግን መኖ እየገዛን እንደማንዘልቅና በጎቹ እንደሚሸጡ ገና ከጅምሩ ተስማምተን ነበር።

በመጀመሪያው ዓመት ብርድ ሊገባ ሲል ዳገቱ ቅጠል ለበሰ። ደስ አለኝ። በጎቹ ይረግጡታል፣ በጠጣቸውን ይጨምሩበታል፣ የቀረውን ትል ይጨርሰዋል፤ ብርዱ ሲያልፍ ሳር ይሆናል። ጋሼ ግን ዙሪያውን ቃኝተው ፊታቸውን አጨፈገጉ። በማግሥቱ ቦታውን የሚባርኩ ቄስ ይመጡ ነበር።

«ይሄማ ክሊን መደረግ አለበት» አሉ። «አባ ሲያዩት ምን ይላሉ? የሚጠርገው ሰው የሌለው ቤት መሰለኮ።»

«ጋሼ…» አልኩ። ሁሉም ዞሮ አየኝ። ሰባ ዓመት ባለፋቸው ሰው ፊት፣ ያውም በቡራኬ ዋዜማ፣ የቅጠል ጠበቃ ልሁን?

«መኪናዬ ውስጥ ብሎወር አለኝ» አልኩ።

ነፋሁት። አባወራዎቹም ሬክ የሚሉትን ባለ ጥርስ መጥረጊያ እየያዙ ተከተሉኝ፤ ዳገቱ የሠርግ ድንኳን የሚጣልበት ግቢ መሰለ። አባ ባርከው ሲጨርሱ ንጽሕናውን አደነቁ። ጋሼም ትከሻዬን መታ መታ አድርገው «ይሄ ልጅ ሥራ ያውቃል» አሉ። ልጁ ያኔ ሃምሳ ሁለት ዓመቱ ነበር። ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ ጠራጊው እኔ ሆንኩ።

ጉዱን የምታውቀው ባለቤቴ ብቻ ነበረች። «ኮል አድርግላቸውና ንገራቸው፤ ምን ያስፈራሃል?» ትለኛለች። እኔ ደግሞ ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም እላታለሁ። እውነትም ዝንብ አልገባም።

በሦስተኛው ዓመት የተራቆተውን ዳገት ዝናብ ቦረቦረው። ሳሩ እንደ ራሰ በራ ሰው ፀጉር ዳር ዳሩን ብቻ ቀረ። ስብሰባ ተጠራና፣ ከብዙ ንግግር በኋላ ኮምፖስት የሚሉት የብስባሽ ማዳበሪያ ይገዛ ተባለ። ከረጢቱን ገልብጬ ሳነብ፣ ከየሰፈሩ ከተጠረገ ቅጠል የተሠራ ነው ይላል። አንብቤ ጨረስኩና ተሸክሜ ወጣሁ። በበተንነው ሳምንት ዶፍ ጣለና ኮምፖስቱን ጠርጎ ወደ ታችኛው ጎረቤት ወሰደው። እሱስ ሳር አበቀለ።

በጎቹ በተሸጡ ዕለት ጋሼ የአጥሩን በር ይዘው ቆመው ነበር። በጎቹን የጫነው መኪና ሲወጣ ዓይናቸውን በመሐረብ ጠረጉ። አንጀቴን በሉት። አፈርኩም፤ ይህን ሁሉ ያደረግኩት እኔ ነኝ። ቀረብ ብዬ ስለ መመረቂያዬ፣ ስለ መረብ ከረጢቶቹ፣ የጠረግነው ቅጠል የበጎቹ ሳር እንደነበር፣ ሁሉንም ነገርኳቸው።

ጋሼ መሐረባቸውን አጥፈው ኪሳቸው ከተቱ።

«ይሄን ሁሉ ታውቅ ነበር?»

«አዎ ጋሼ።»

«ታዲያ ምነው ሳትነግረኝ?»

«አክብሬዎት ነው።»

ባዶውን ዳገት ሽቅብ አዩት።

«በጎቹ ክብር ይበላሉ እንዴ?» አሉኝ።