ማለዳ የመጣን ሦስት ሰዎች

ስለ ውጭ ጉዳይ መከራከር ሰልችቶኛል። ድሮ እንዲህ አልነበርኩም። ሰበታ ውስጥ ታሪክ አስተምራለሁ። ጠዋት ጠዋት ክፍል ከመግባቴ በፊት፣ ከጅማው መንገድ ዳር ባለች አንዲት የቆርቆሮ ቁርስ ቤት ጨጨብሳ እየበላሁ ለዓመታት አገር ሳስተዳድር ኖሬአለሁ። ተከራካሪዬ የሕንፃ መሣሪያ መደብር ያላቸው ሐጂ ነበሩ። ሱብሂ ሰግደው፣ ሱቃቸውን ከመክፈታቸው በፊት ብቅ ይላሉ። ዳኛችን ደግሞ፣ ዳኛ ከተባለ፣ የሰፈሩ እድር ሊቀመንበር ናቸው። ሁላችንም ስም ሳንጨምር ኦቦ ነው የምንላቸው።

ክርክሩ ሁልጊዜ ያው ነው፤ ሠራዊታችን ድንበር ተሻግሮ ጎረቤት አገር ምን ይሠራል? እኔ ይውጣ ባይ ነኝ። የሰው አገር ጠብ የሰው አገር ነው፣ እኛ የራሳችንን መቼ ጨረስን እላለሁ። ሐጂ ነጋዴ ናቸው። ሚስማሩም ቆርቆሮውም በየትኛው ወደብና በየትኛው መንገድ እንደሚገባ ያውቃሉ። «መምህር፣ ጥቅማችንን እዚያ ሄደን ካልጠበቅን ነገ እዚህ ድረስ ይመጡብናል» ይሉኛል። እኔ ድምፄን ከፍ አደርጋለሁ፣ እሳቸው ጠረጴዛ ይመታሉ፣ ኦቦ «ኧረ ቀስ፣ ሻዩ ፈሰሰ» ይላሉ። በማግስቱ እንደገና ከሀ እንጀምራለን። አንዳችን ሌላውን ያሳመንንበት ቀን ትዝ አይለኝም።

የቁርስ ቤቷ ባለቤት እኩያዬ ናት። አንድ ልጅ ነው ያላት፤ እሱም ወታደር ነው። እኛ ይውጣ አይውጣ የምንባባልበት ቦታ ላይ ነው ያለው። ኔትወርክ ሲያገኝ ይደውላል፣ ሳያገኝ ሲቀር እሷ የጨው መጠን ይጠፋባታል። ይህን ሦስታችንም እናውቃለን። ክርክሩን ግን አላቆምንም። እኔማ ለእሷ ጥብቅና የቆምኩ ይመስለኝ ነበር።

አንድ ቀን ሳህኔን ስታነሳ ጠየቀችኝ።

«አንተ አይሂዱ ትላለህ፣ መምህር። የሄደውስ?»

«ይመለሳል፤ መንግሥት ያስብበታል» አልኳት።

ተማሪ ፈተና ላይ እንዲህ ቢጽፍልኝ ዜሮ ነበር የምሰጠው። እሷ ግን ሳህኑን ይዛ ገባች።

ባለፈው ሰኔ አንድ ጠዋት ስንደርስ ቤቷ ተቆልፏል። ዘግታ አታውቅም። ስልኳ ይጠራል፣ አይነሳም። ሐጂ «ታማ ይሆናል፣ ሄደን እንያት» አሉ። ኦቦም «አብረን እንሂድ፤ ብቻዋን ናት» አሉ። ተነሳን። ገና በደንብ አልነጋም፣ ያካፋል፣ ብርዱ አጥንት ይገባል። ኦቦና እኔ ጋቢያችንን ተከናንበናል፣ ሐጂ ሻላቸውን ጠምጥመዋል። መንገዱ ጭቃ ስለሆነ የምንረግጥበትን እያየን፣ አንገታችንን ደፍተን በዝምታ ሄድን። አንዲት ጎረቤት ከበሯ ላይ ሆና አየችንና ነጠላዋን አዘቅዝቃ ከኋላ ተከተለችን። ለምን እንደተከተለችን አልጠየቅኳትም።

መርዶ በእኛ ሰፈር በስልክ አይነገርም። የሰማ ሰው ይደብቃል። ከዚያ ጎረቤትና የእድር ሽማግሌ ተጠራርቶ፣ ሐዘንተኛው ወደ ሥራ ሳይወጣ፣ በማለዳ በሩን ያንኳኳል። እኔ ራሴ ስንቱን በር እንዲህ አንኳኩቻለሁ። እንግዲህ የወታደር እናት በር ላይ፣ የእድር ሊቀመንበር አስቀድመን፣ ተከናንበን በማለዳ ስንቆም ምን እንደምንመስል ከሦስታችን አንዳችንም አላሰብነውም። ስለ አገሮች ጥቅም ስንት የምናውቅ ሰዎች።

ራሷ ከፈተችልን። በእጇ ጀሪካን ይዛለች። ከስንት ጊዜ በኋላ ውሃ መጥቶ ነው ለካ፣ በርሜል እየሞላች የቀረችው። ኦቦን አየች። ከዚያ እኔን አየችኝ። ከኋላችን ያለችውን የጎረቤቷን ነጠላ አየች። ጀሪካኑን ለቀቀችው።

«ያ ኢልማ ኮ» አለች፤ ልጄን ማለቷ ነው። ቁርስ ቤቷ ውስጥ ሁሌም በአማርኛ ነው የምታወራን። ያን ቀን ግን ያለቀሰችው በኦሮምኛ ነው።

ኦቦ ክንዷን ይዘው «ሆማ ሂንጂሩ፣ ምንም የለም፣ ምንም የለም» አሏት። እኔም «ደህና ነው፣ ምንም አልሰማንም» አልኳት። ችግሩ፣ መርዶ ነጋሪም የሚጀምረው እንዲሁ ነው። ትንሽ አሞት ነው ይላል፣ ደህና ነው ይላል፣ አይዞሽ ይላል። ምንም የለም ባልናት ቁጥር ባሰባት። ሐጂ ወላሂ ብለው ማሉላት፤ አልሰማቻቸውም። ልጁ ጋ ደወልን፣ ስልኩ አይሠራም። ይህም ለእሷ ሌላ ማስረጃ ሆነ። ግቢው በሰው ሞላ። ወጣቶቹ የእድሩን አግዳሚ ተሸክመው ሲመጡ ኦቦ ከበሩ ላይ መለሷቸው።

ብንሄድ አርድተው ሄዱ ልንባል ነው፣ ብንቀመጥ ለቅሶ ተቀመጡ ልንባል ነው። ተቀመጥን። ትምህርት ቤት ቀረሁ፣ ሐጂም ሱቃቸውን ሳይከፍቱ ዋሉ። ድንጋይ ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠን ዋልን። በቤቱ ውስጥ በሕይወት ያለ ልጅ እየተለቀሰለት ነው፣ እኔ ደግሞ ማስቆም አልቻልኩም። የክርክር ጉልበቴ ያለቀው ያን ቀን ነው፤ ከዚያ ወዲህ አልተመለሰልኝም።

ልጁ የደወለው በማግስቱ ከሰዓት በኋላ ነው። እሷ ስልኩን ጆሮዋ ላይ ለጥፋ «ዝም ብለህ አውራ» አለችው። ስለ ሙቀቱ፣ ስለ ምግቡ፣ ስለ አንድ ጓደኛው ጥርስ ሕመም አወራላት። ስልኩ ሲቋረጥ ፊቷን ታጠበች። እልል ያለ የለም። ልጁ አልሞተም፣ ግን አልመጣም፤ እዚያው ነው።

እኔ ዛሬም ይውጣ ባይ ነኝ። ሐጂም የተሳሳቱ አይመስለኝም። ለማን እንደማስረዳው ግን አላውቅም።

ቁርስ ቤቷን በከፈተች ሰሞን ከሐጂ ጋር ይቅርታ ልንጠይቃት ሄድን። በሩ ላይ እንደቆመች ቀደመችን።

«አልተቀየምኳችሁም። ግን ከእንግዲህ አንድ ላይ አትምጡብኝ። አንድ አንድ እየሆናችሁ ኑ።»

አሁን ሐጂ ውስጥ ከሆኑ አስፋልቱን አልሻገርም። ሲወጡ በእጅ ሰላም እንባባላለን፣ እኔ እገባለሁ። እሷም አንገቷን ወደ ውጭ አውጥታ ከኋላዬ ሌላ ሰው አለመኖሩን ታያለች፣ ከዚያ ሻይ ትቀዳልኛለች።