በአባቴ አፍ ውስጥ እሳት የለም

ደብዳቤው ደረሰ! ከደብረ ብርሃን ፖስታ ቤት ወጥቶ በነጋዴ ኪስ ትናንት የአገራችን ገበያ ቀየት ገባ። አባቴን ያከመው ሐኪም በአስተርጓሚ ያስጻፈው እንዲህ ይላል፦ «መርፌዎቹ በሙሉ ወጥተዋል። በአባትሽ አፍ ውስጥ የቀረ ነገር የለም። ማንም ሰው አጠገባቸው ቢቀመጥ አይጎዳም። በመጨረሻው ምርመራ በሽታው ተመልሶ አልታየም።» መልስ ያመጣውን ጥያቄ የጻፍኩት እኔ ነኝ። ማንም አላረመልኝም።

አባቴ የቤተ ክርስቲያን ዜማ መምህር ናቸው፤ ድጓ ያስተምራሉ። ምላሳቸው ላይ አልድን ያለ ቁስል ወጣና አዲስ አበባ ይዣቸው ሄድኩ። ነቀርሳ ነው ተባለ። የምላሳቸውን የግራ ጎን ቆርጠው አወጡት። ሐኪሙ ግን «ሥሩ ቀርቶ ይሆናል» አለና፣ ቁስሉ ጠገግ ሲል፣ ራዲየም የሚባል ነገር ያለባቸውን ቀጫጭን መርፌዎች እዚያው ምላሳቸው ውስጥ ሰካቸው። እያንዳንዱ መርፌ ክር አለው። ክሮቹ በከንፈራቸው ጥግ ወጥተው ጉንጫቸው ላይ ተለጥፈዋል፤ ነርሷ አንድም እንዳይጠፋ ጠዋትና ማታ ትቆጥራቸዋለች። ከመርፌዎቹ የሚወጣው ጨረር የቀረውን በሽታ ያቃጥላል፤ አጠገቡ የሚቆየውን ጤነኛ ሰውም ይጎዳል። ስለዚህ እስኪወጡ ድረስ፣ ሰባት ቀን ሙሉ፣ ከበሩ ማለፍ አልተፈቀደልኝም።

አባቴ መናገር ስለማይችሉ በወረቀት እንጻጻፍ ነበር፤ ነርሷ ታመላልሳለች። የመጀመሪያው ወረቀታቸው «ወንበር አምጪና በሩ ላይ ተቀመጪ። ቆመሽ ስትውዪ እኔን ይደክመኛል» ይል ነበር።

በአራተኛው ቀን አጎቴ፣ የእናቴ ወንድም፣ ሊጠይቃቸው መጣ። በእኛ አገር በሽተኛ የሚጠየቀው አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ፣ እጁን ይዞ ነው። በሩ ላይ ሲያስቆሙት ፊቱ ተለወጠ። ላስረዳው ብዬ «አፋቸው ውስጥ የሚያቃጥል ነገር አለ» አልኩት። ጥፋቱ የእኔም ነው። እሱ ቀድሞን አገር ገባ፤ ወሬውም «እሳት ቀብረውባቸዋል፣ ትንፋሻቸው ይፈጃል» ሆኖ ጠበቀን።

ስንመለስ ተማሪዎቹ የሉም። ድጓ የሚማሩት ከመምህሩ ጉልበት ሥር ተቀምጠው፣ አፍ አፋቸውን እያዩ ነው፤ ከሩቅ አይሆንም። ወላጆቹ ልጆቻቸውን ወስደዋል። አባቴ ሁለት ወር ሙሉ ባዶ ጎጆ ውስጥ ለብቻቸው ሲያዜሙ ቆዩ። አንዳንዱ ቃል አፋቸው ላይ ይከብዳል፤ ዜማው ግን አልተነካም። ተማሪ ካልተመለሰ ደብሩ ሌላ መምህር ሊያመጣ ነው ተባለ። ያኔ ነው ለሐኪሙ የጻፍኩት።

ዛሬ እሑድ፣ ከቅዳሴ በኋላ፣ ሰንበቴ ቤት ሰው ሁሉ በተሰበሰበበት ቆሜ አነበብኩት።

«ሐኪሙ ፈረንጅ አይደለም እንዴ? አማርኛ በየት አወቀ?» አለ አጎቴ።

«አስተርጓሚ አለው።»

«ማኅተምስ?»

አሳየሁት። በጣቱ ዳሰሰው።

«እስቲ ድገሚው። ከራስሽ ጨምረሽበት እንዳይሆን።»

ደገምኩት። አባቴ ለብቻቸው ከተቀመጡበት ጥግ ሆነው «አንተ ሰው፣ ብርድ ከሆነብህ ቀረብ በል፤ እሳቱ ሳይጠፋ» አሉት። ቤቱ በሳቅ ተናጋ። አጎቴ አልሳቀም። ተነሥቶ አጠገባቸው ሄዶ ተቀመጠና እሳቸው የጠጡበትን ዋንጫ አንሥቶ ጨለጠው።

«የኔታ፣ ይቅር ይበሉኝ» አለ። «ልጄን ነገ ጠዋት አመጣዋለሁ።»

ከእሱ በኋላ ሁለት እናቶች ቃል ገቡ። ሦስት ተማሪ ሆነ ማለት ነው፤ ጎጆው ግን ለአሥራ ሁለት ይበቃል። እንግዲህ ይህን የምታነቡ፣ ዜማ መማር የሚሻ ልጅ ካላችሁ ወደ እኛ ላኩት። ከጓሳ ተራራ ማዶም ቢሆን ይምጣ፤ ማደሪያ አያጣም። አባቴ ቃሉ ሲከብዳቸው ደግመው ይሉለታልና ልጁ አይቸኩል።