ከፍየል ፀጉር የሠራሁት ጢም

ልጅ እያለሁ መርሳ ዙሪያ የማላውቀው የአፈር ዓይነት አልነበረም። ወንዙ ዳር ያለው ነጩ ሲደርቅ እንደ ዱቄት ይቦናል። የማሽላው ማሳ ጥቁር አፈር ሲርስ እንደ ሊጥ ይለጠጣል። ወደ ሲሪንቃ በሚወስደው መንገድ፣ ኮረብታው ተቆርጦ አስፋልቱ ያለፈበት ቦታ ላይ ያለው ቀዩ ደግሞ አንዴ ልብስ ከነካ በቀላሉ አይለቅም። ክረምቱ ወጥቶ ምድሩ እርጥብ እርጥብ ሲሸት ትንንሽ ድስት፣ ትንንሽ ምድጃ፣ ትንንሽ ጎተራ ስሠራ እውላለሁ። እናቴ ከላይ እስከ ታች አይታኝ «ልጅ ያቦካው ለእራት አይበቃም» ትልና ቀሚሴን አስወልቃ ወደ ማጠቢያው ትወረውረዋለች።

አምስተኛ ክፍል ስደርስ ከወልድያ አንድ ወጣት መምህር ተመድቦ መጣልን። ቀጭን ነበር፤ ሲስቅ ትከሻው ይነቀነቃል እንጂ ድምፁ አይሰማም። የወላጆች ቀን ሲቃረብ «የምትወዱትን ሰው ሥሩልኝ» አለን። «ከሱቅ ግን ምንም አትግዙ። ቀለሙንም ማጣበቂያውንም ከሜዳው ፈልጉ።»

ማንን እንደምሠራ ለማሰብ ጊዜ አልፈጀብኝም። የእናቴ አባት ሼህ ሙሄ አብረውን ነበር የሚኖሩት። እኔ አባባ ነው የምላቸው። ነጭ ጢማቸው ደረታቸው ላይ ይወርዳል፤ ሲራመዱ ምርኩዛቸውን በጀርባቸው አጋድመው በሁለት እጃቸው ይይዙታል። ከቀትሩ የዙህር ሰላት በኋላ ማሳ ሊያዩ ሲወጡ ተከተልኳቸውና ሙጫ እንደምፈልግ ነገርኳቸው።

«ለምንሽ ነው?»

«ለትምህርት ቤት።»

«ለዒልም ከሆነማ ነይ» አሉና ከመንገዱ ወጥተው አንድ ያረጀ ግራር ሥር ወሰዱኝ። ግንዱ ላይ እንደ ማር ጠጥሮ የወረደውን ሙጫ በምርኩዛቸው ጫፍ እያላቀቁ በኩታቸው ጠርዝ ቋጠሩልኝ። ቀዩ አፈር ያለበት ድረስም አብረውኝ ሄዱ፤ ጎንበስ ብለው ራሳቸው ዘገኑልኝ። ምን እንደምሠራበት አልጠየቁኝም። እኔም ሠርቼ ሳሳያቸው አስደስታቸዋለሁ ብዬ ደበቅኳቸው።

ከጎተራው ኋላ ተደብቄ አሮጌ ካርቶን ላይ ሠራሁት። ፊታቸውን ቀዩንና ጥቁሩን አፈር በሙጫ ለውሼ፣ ጥምጣማቸውን በነጩ፣ ኮታቸውን በተፈጨ ከሰል። ያስቸገረኝ ጢማቸው ነበር። አፈሩም ጭዱም አልመስል አለኝ። በመጨረሻ ነጯን ፍየላችንን በማሽላ አባብዬ ከሆዷ ሥር ፀጉር ቆረጥኩና ዘለላ በዘለላ ለጠፍኩት። ካርቶኑን ግድግዳው ላይ አስደግፌ ፈቀቅ ብዬ ሳይ አባባ እያዩኝ ነው። ደስታዬ እግሬን አላስቆም አለኝ።

ቀድማ ያየችው እናቴ ነበረች። «ያ ረቢ! ሀዋ፣ የሰው ምስል? ያውም የሳቸውን?»

እኛ ቤት ግድግዳ ላይ ፎቶ እንኳ አይሰቀልም። አያቴ የሰውን መልክ መሥራት የፈጣሪ ድርሻ ነው ብለው የሚያምኑ ሰው ነበሩ። ይህን ሳልሰማ አላደግኩም፤ ግን ከአፈርና ከፍየል ፀጉር ጋር የሚገናኝ አልመሰለኝም። እናቴ ሻሿን አውርዳ ካርቶኑን ልትሸፍነው ስትል አያቴ ከኋላዋ ደርሰው ቆመዋል።

ረጅም ጊዜ አዩት። «ይሄ ማነው?» አሉኝ።

«አንቱን ነው፣ አባባ።»

ቁጢጥ ብለው ጢሙን በጣታቸው ዳሰሱት። «የኔ ጢም እንዲህ ያምራል?» አሉ። ከዚያ ድምፃቸው ዝቅ አለ። «ሀዋዬ፣ ነገ በፍርዱ ቀን፣ አኼራ ላይ ‹በይ ነፍስ ዝሪበት› ብትባዪ ምን ትመልሻለሽ?»

አለቀስኩ። አልተቆጡኝም፣ ጣዪውም አላሉኝም፤ ራሴን ዳብሰውኝ ወጡ። ያ ደግሞ ከቁጣ ባሰብኝ። በማግስቱ ጠዋት ውሃ አምጥቼ ፊቱን አጠብኩት። አፈሩ ወደ አፈርነቱ ተመልሶ በእጄ መካከል ወረደ። ትምህርት ቤት አልሄድም ብዬም ቀረሁ።

ከሰዓት በኋላ መምህሩ ቤታችን መጣ። ነገሩን ከእናቴ ሰምቶ ሲያበቃ ጆሮው ቀላ። «ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ሼህ ሙሄ። ሳልጠይቅ ያዘዝኩ እኔ ነኝ።»

«አብሽር፣ ልጄ። ክፉ አላዘዝክም» አሉት አያቴ። «እኔን የቸገረኝ ልጅቷ ሥራ ስትፈታ ማየቱ ነው።»

እኔ ከበሩ ኋላ ሆኜ «ወርካውን ብሠራስ?» አልኩ። አያቴ ዘወትር ወደ ቂብላ፣ ወደ መካ ዞረው የሚሰግዱበትና ከጎረቤት ሽማግሌዎች ጋር የሚጨዋወቱበት ወርካ ከደጃችን ዝቅ ብሎ ነበር። መምህሩ አያቴን አየ፤ አያቴ እኔን አዩ። «ወርካ ምን አለበት» አሉ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ሳስበው አሁንም ያስቀኛል። አያቴ ከአጠገቤ አልነሳ አሉ። «ግንዱ እንዲህ ቀጥ ያለ አይደለም፤ ወደ ወንዙ ዘመም ይላል» ይላሉ። «ቅጠሉን በእርጥቡ አትለጥፊው፣ ይጨማደድብሻል።» ከሰሉን በድንጋይ የፈጩልኝ እሳቸው ናቸው፤ ለከሰዓት በኋላው የአስር ሰላት ውዱእ ሲያደርጉ፣ እጅ እግራቸውን ሲታጠቡ፣ ጥቁሩ ከጥፍራቸው አልለቅ ብሎ ሲፈትጉ ቆዩ። ከወርካው ሥር የመስገጃ አጎዛቸውን ከለቀምኩት የጥጥ ብናኝ፣ የውዱእ ጣሳቸውን ከነጩ አፈር ሠራሁ። ምርኩዛቸውን ግንዱ ላይ አስደገፍኩት፤ እሱ አንድ ቀጭን የማሽላ አገዳ ነበር።

በወላጆች ቀን አያቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ትምህርት ቤታችን ግቢ ገቡ። ሽልማቱን የወሰደው ከአገዳ ቀንበርና ሞፈር የሠራ ልጅ ነው፤ ይገባዋል። የእኔ ካርቶን ፊት ግን ሰው ተሰብስቦ ነበር። አንዲት ጎረቤታችን አጎንብሳ አየችና «ውይ፣ ይሄማ የሼህ ሙሄ ቦታ ነው! ሼሁስ የት ሄዱ?» አለች።

«ውዱእ ላይ ናቸው» አሉ አያቴ ከኋላዋ። ግቢው በሳቅ ተሞላ። የመምህሩ ትከሻ ተነቀነቀ፤ የዚያን ቀን ድምፁም ተሰማ። ወደ ቤት ስንመለስ እጄን ይዘው ትንሽ እንደሄድን ቆም አሉ። «አጎዛውን በትክክል ወደ ቂብላ አዙረሽዋል። አይቻለሁ» አሉኝ። ከዚያ ወዲህ ብዙ ምስጋና ሰምቻለሁ፤ የዚያን ያህል ልቤ የገባ ግን የለም።

አያቴ ካለፉ ቆይተዋል፤ አላህ ይዘንላቸው። አንድም ፎቶ የላቸውም። እኔ ዛሬ ወልድያ ነው የምኖረው፤ ስልኬ በልጄ ፎቶ ተጨናንቋል። እሷም ከትምህርት ቤት ሥዕል ትታዘዛለች። ኮላው፣ ቀለሙ፣ የሚያብለጨልጨው ወረቀት ሁሉ ከቤታችን ፊት ለፊት ያለው ሱቅ ውስጥ አለ። አልከፋኝም። የምትሠራው ያምራል፤ እጇም ከእኔ ይልቅ የሰላ ነው። ያኔ ግን ቀይ ቀለም ለማግኘት ከሰዓቱን ሙሉ መሄድ ነበረብን፤ ያን መንገድ ሁሉ ከጎኔ የሚራመድ ሰው ነበረኝ። አሁን አስፋልቱን ተሻግረን ገዝተን እስክንመለስ አንድ ወሬ እንኳ አንጨርስም።

ስለዚህ አንዳንዴ ቀለም ሲያልቅባት እጇን እይዝና በገበያው በኩል ዞረን እንሄዳለን። «እማዬ፣ ሱቁ እኮ እዚህ ነው» ትለኛለች። አውቃለሁ እላታለሁ።