በድንጋዩ ላይ የተቀረጹት ሰዎች መዋጮ

የሞተ ባል ለጠላቱ ገንዘብ መስጠቱን እንዴት ማስቆም ይቻላል? ዘንድሮ መከር ላይ አይሊ ሃርዩን የገጠማት ችግር ይህ ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። በሞንታና ለምርጫ ተወዳዳሪ ጠቀም ያለ መዋጮ የሰጠ ሰው ስሙ፣ አድራሻውና ሥራው ይመዘገባል። መዝገቡን የፈለገ ሁሉ፣ ለምን ፈለግኸው ሳይባል፣ ከኮምፒዩተር ላይ ያየዋል። እስቲ አስቡት፤ እንደ አይሊ የትምህርት ቤት አውቶቡስ የምትነዳ ሴት የፖለቲከኛን ኪስ ገልጣ ታያለች!

አይሊ ግን መዝገቡን የምትከፍተው ለፖለቲካ ብላ አልነበረም። ባሏ ዋይኖ በሕይወት ሳለ ለሠራተኛ ማኅበሩ ዕጩ አንድ ጊዜ መዋጮ ሰጥቶ ነበር። ቤተ መጻሕፍት ትገባና ስሙን ትጽፋለች፤ አጠገቡ "ወጥ ቤት ሠራተኛ" የሚለውን አንብባ ወደ ቤቷ ትመለሳለች። በቃ፣ ይኸው ነበር።

አንድ ቀን ከስሙ ሥር አዲስ መስመር ጠበቃት። ዋይኖ ባለፈው የፀደይ ወቅት ለዴል ሮስቴድ ሰጥቷል ይላል። አሁን ለምርጫ የሚወዳደረው ዴል፣ ዋይኖ ይሠራበት የነበረው የማዕድን ኩባንያ ጠበቃ ነበር፤ ዋሻው ሲናድ "የማንም ጥፋት አይደለም" ብሎ የተከራከረ። ዋይኖ ከዓመታት በፊት የቀረው እዚያ ዋሻ ውስጥ ነው።

ከዚያ ረጋ ብላ ማጣራት ጀመረች። የሰጪውን ስም ትታ የተቀባዩን ጻፈች፤ በዚያው ቀን የሰጡትን ለየች። ሁሉንም ታውቃቸዋለች። ሁሉም በማዕድኑ በር ካለው የሟቾቹ መታሰቢያ ድንጋይ ላይ ተቀርጸዋል፤ የተሰለፉትም በድንጋዩ ቅደም ተከተል ነው። የዋይኖ ሥራ ደግሞ በአዲሱ መስመር "ማዕድን ቆፋሪ" ሆኗል። ዋይኖ ዶማ ይዞ አያውቅም፤ የዚያን ቀን የወረደው ምሳ ሊያደርስ ነው። እሱን ቆፋሪ የሚለው ድንጋዩ ብቻ ነው። አንድ ሰው ስሞቹን ከድንጋዩ ገልብጦ በሙታን ስም ገንዘብ ሰጥቷል ማለት ነው።

ወደ መዝገቡ ቢሮ ደወለች።

"የሌሎቹን፣ መዋጮው ሐሰት ነው ብሎ የየራሳቸው ቤተሰብ ምሎ መፈረም አለበት" አላት ስልኩን ያነሳው ሰውዬ። "የአንድ ሰው ብቻ ከሆነ፣ መርማሪዎቹ የጽሕፈት ስህተት ነው ብለው ያልፉታል። የባለቤትዎን ስም እናጥፋልዎ?"

"እንዳትነኩት! ሐሰት ነው ብላችሁ ከጎኑ ጻፉበት። ሰው ሁሉ ይየው።"

የመጀመሪያውን በር አንኳኳች። የጎረቤቷ የማርሊስም ባል ሮይ እዚያው ዋሻ ነው የቀረው።

"ተይኝ አይሊ" አለች ማርሊስ። "ከቀብሩ ወዲህ ከእኔ በቀር የሮይን ስም የጠራ የለም። ሌባም ቢሆን ጠራው።"

"ለዴል እኮ ነው የጠራው!"

"ሮይ ለዴል? ለእኔ ለሚስቱ ሲሰጥ እንኳ እጁ ይንቀጠቀጥ የነበረ ሰውዬ!"

ሁለቱም ሳቁ። ከዚያ ማርሊስ በሩን ዘጋች።

ምርጫው እየቀረበ ነው። ዛሬ አይሊ ልጆቹን አድርሳ ባዶውን አውቶቡስ ወደ ማቆሚያው ስትመልስ ማርሊስ ከደጃፏ ቆማ እጇን አንስታ አስቆመቻት።

"ስሙን ብቻ አሳዪኝ። አልፈርምም፤ ነግሬሻለሁ።"

አሁን ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። ማርሊስ የሮይን ስም በጣቷ እየዳሰሰች ነው። አይሊ የሚፈረመውን ወረቀትና እስክሪብቶ ከፊታቸው አኑራ፣ የጎረቤቷን ጣት በቀስታ ይዛ፣ ከሮይ ስም አንስታ የተቀባዩ የዴል ስም ወዳለበት እየገፋች ነው።

"አሁን ደግሞ ይቺን አንብቢ፣ ማርሊስ።"