የሐምሌ አጨዳ

በሐምሌ ወር አሰላ ላይ ኮምባይነር አይሰማም። ስንዴው ገና ለጋ ነው፣ መሬቱ ጭቃ ነው፣ ማሽኑ ሸራ ለብሶ ቆሟል። ይህን ጥሩሰው ከማንም በላይ ያውቃል። ስለዚህ አንድ ቀን ከሰዓት፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን እየወቀጠው አልጋው ላይ ተጋድሞ ሳለ የኮምባይነር ድምፅ ሲሰማ በእንቅልፍ ልቡ መሰለው። ተነስቶ ተቀመጠ። ድምፁ አልጠፋም፤ እንዲያውም እየወፈረ ሄዶ ማቃሰት ጀመረ።

«ኧረ አነቀው ይሄ ሰው!» አለ ጮክ ብሎ፣ ሰሚ በሌለበት።

ነጠላ ጫማውን አጥልቆ፣ ጃንጥላ ሳይዝ ወጣ። ድምፁን ተከትሎ ቢሄድ የደረሰው ከዚያው ከጎረቤቱ፣ ከዛኪር ጌም ቤት ነው። የእሱን ክፍልና ጌም ቤቱን የሚለየው አንድ ኮምፔርሳቶ ነው፤ እስከዚያ ቀን ግን በዚያ በኩል የሚመጣው «ጎል!» የሚል ጩኸት ብቻ ነበር። ዛኪር ዝናቡ ደንበኛ አስቀርቶበት ብቻውን ተቀምጧል። ስክሪኑ ላይ ቢጫ የስንዴ ማሳ፣ ማሳው ውስጥ ኮምባይነር።

«ቀስ በል! ፍጥነት ቀንስ!» አለ ጥሩሰው ከበሩ ላይ ውሃ እያንጠባጠበ።

ዛኪር ደንግጦ ዞረ። «ጋሽ ጥሩሰው! ምነው፣ ቤት ተቃጠለ እንዴ?»

«ማሽኑ ታንቋል እኮ! ከሚውጠው በላይ እያጎረስከው ነው። ቀንስ!»

ዛኪር ቀነሰ። ሞተሩ ማቃሰቱን ተወና ድምፁ ተስተካከለ። ጥሩሰው የራሱ ትከሻም አብሮ ሲወርድ ታወቀው። ጌሙ ልቡን የያዘው ያኔ ነው።

«ይግቡ እንጂ፣ በረደዎት። ያገለገለ ፕሌይስቴሽን ስገዛ ውስጡ ያገኘሁት ነው። ኳስ ካልሆነ ማን ይጫወተዋል ብዬ ላጠፋው ነበር።»

ጥሩሰው ወደ ስድሳ ይጠጋል። ዕድሜው ያለቀው ኮምባይነር ላይ ነው። አጨዳ ሲደርስ ሮቤ፣ ከዚያ ጮሌ፣ ከዚያ አርቦዬ። የሚያድረው ማሳ ዳር፣ የሚበላው ባለማሳው ቤት። ትዳር ለመያዝ ቤት መክረም ይጠይቃል፤ እሱ አልከረመም። ብቸኝነት ግን አያውቅም ነበር፤ ማሽን ይዞ የመጣን ሰው ፊት የሚነሳ ገበሬ የለም። ሞተሩ ሳይጠፋ የገብስ ጭኮው በቅቤ ርሶ ይቀርባል፣ «ና ወንድሜ፣ ጉረስ» ይባላል። ከኋላው ደግሞ ቃራሚዎች አሉ፤ ማሳ የሌላቸው፣ የወደቀ ዛላ እየለቀሙ የሚከተሉ ሴቶች። ጥሩሰው ጥግ ላይ ሲደርስ መቁረጫውን አንስቶ ሰፋ አድርጎ ይዞራል። ጥጓ ላይ የምትተርፈው ስንዴ የእነሱ ናት። ባለማሳዎቹም አይተው እንዳላዩ ያልፋሉ። ኢፍቱ የምትባል አሮጊት ቃራሚ «ገለቶሚ፣ ያ ኢልማ ኮ» እያለች ስታመሰግነው እንደ ልጇ ነበር የምትቆጥረው።

ሁለት ዓመት ሆነው፤ ሮቤ፣ ቱሳ የሚባል ገበሬ ማሳ ላይ፣ መቁረጫው ውስጥ የተሰነቀረ ሽቦ ሊያወጣ ጎንበስ ሲል ሽቦው ተፈናጥሮ ግራ ዓይኑን ወሰደው። ማሳው ገና ግማሹ ነው የታጨደው። ሐኪም ቤት በሚያደርሰው መኪና ውስጥ ሆኖ ማሽኑ ሲነሳ ሰማ፤ ሌላ ሰው ወጥቶበታል። ስንዴ አይጠብቅም፤ በቦታቸው ቢሆን እሱም ያንኑ ያደርግ ነበር። ያ ግማሽ ማሳ ግን ከሆዱ አልወጣም። በአንድ ዓይን ርቀት መለካት ያስቸግራል። ባለማሽኖቹ ክፉ አልተናገሩትም፤ መደወል ብቻ ተዉ። ከመስከረም ጀምሮ ፋታ ይነሳው የነበረው ስልክ ዝም አለ። ስልክ ከሌለ ጭኮም የለም፣ «ና ወንድሜ» ባይም የለም።

ዛኪር ጆይስቲኩን አቀበለው።

«እኔ? በዚህ ጣቴ?»

«ባጃጅ ነጂው ኦብሳ እንኳ የቻለውን እርስዎ ያቅትዎታል?»

ወፍራም ጣቱ ሁለቱን ቁልፍ አንድ ላይ እየረገጠ አስቸገረው። አጥር ገጨ፣ ቦይ ገባ። አንድ ነገር ግን ገረመው። ስክሪን ላይ ሩቅና ቅርብ የለም፤ ሁሉም ያለው አንድ ጠፍጣፋ መስታወት ላይ ነው። ዛኪር በሁለት ዓይኑ የሚያየው እሱ በአንዱ የሚያየውን ያህል ነው። ይህን ካወቀ በኋላ ኮምባይነሩ ቀጥ ብሎ ሄደለት።

ከዚያ ወዲያ ኳስ ተጫዋቾቹ ሳይመጡ ጠዋት ጠዋት ይመጣ ጀመር። የፈለገው አንድ ነገር ነው፤ አንድ ማሳ በገዛ እጁ ጀምሮ፣ በገዛ እጁ፣ እንደ ወጉ መጨረስ። ከዚያ የቱሳን ግማሽ ማሳ ይረሳታል። እንዲህ ነበር ሐሳቡ።

የመጨረሻዎቹ መስመሮች ላይ ሲደርስ ኦብሳ ከዝናብ ሸሽቶ ገባ።

«ጋሼ፣ ይሄ ስንዴ መቼ ነው የሚያልቀው? ዳቦው ናፈቀን እኮ!»

«አንተ ባጃጅህን አሠራ። ትናንት ስታስል ሰምቻታለሁ፣ የታመመች በግ ትመስላለች።»

ዛኪር ሳቀ። ጥሩሰው የመጨረሻውን መስመር አጭዶ ወጣ። የሥራውን ልክ የሚያሳየው አረንጓዴ መስመር ግን ሊሞላ ትንሽ ሲቀረው ቆመ።

«አላለቀም ይላል» አለ ዛኪር ተጠግቶ። «አራቱም ጥግ ቀርቷል፣ ጋሽ ጥሩሰው። አላዩትም?»

«አይቼዋለሁ። የቃራሚ ነው።»

«የምን ቃራሚ? እዚህ ውስጥ እኮ ሰው የለም።»

ጥሩሰው በጆይስቲኩ የስክሪኑን ዕይታ ወደ ኮምባይነሩ ኋላ አዞረ። በእነዚያ ሁሉ ጠዋቶች ኋላውን አላየም ነበር፤ የሚያጭድ ሰው የሚያየው ፊት ለፊቱን ነው። ከኋላው ያለው ቃርሚያ ብቻ ነው፣ እስከ ሰማይ ጥግ። ባለማሳ የለም። ሴቶቹ የሉም። ውሻ እንኳ የለም።

«ጥጉን ይላጩትና ይገላገሉ!» አለ ኦብሳ።

«ነገ አየዋለሁ» አለ ጥሩሰው እየተነሳ። «ዛኪር፣ አደራ፣ ሰው እንዳይነካብኝ።»

«ኧረ ማን ይነካል!»

በነጋታው ዛኪር በር ላይ ጠበቀው፣ ፊቱ በርቷል። «የምሥራች፣ ጋሽ ጥሩሰው! እኔው ጨረስኩልዎት። ሲጨነቁ አይቼ አላስቻለኝም። ይዩት፣ ሞልቷል!»

ማሳው ከዳር እስከ ዳር ተላጭቷል። ጥሩሰው ቆሞ አየው። ሁለተኛ ማሳውንም ሌላ ሰው ጨረሰለት።

«እግዜር ይስጥልኝ» አለ።

ዛኪር ፊቱን አይቶ ፈገግታው ጠፋ። «አጠፋሁ እንዴ?»

«አላጠፋህም። ስንዴ አይጠብቅም።» ተቀመጠ። «ሌላ ማሳ አለው?»

«ሞልቶ!»

አዲሱን ማሳ ሲጨርስ ነሐሴ ገብቷል። ጥግ ላይ ሲደርስ መቁረጫውን አነሳ፣ ሰፋ አድርጎ ዞረ። አራቱም ጋ እንደዚያው። አረንጓዴው መስመር ሊሞላ ትንሽ ሲቀረው ቆመ። ኦብሳ አፉን ሊከፍት ሲል ዛኪር እግሩን ረገጠው።

«አለቀ» አለ ጥሩሰው። ሞተሩን ግን አላጠፋም።

«ታዲያ ያጥፉት እንጂ ጋሼ፣ ተራችን ደረሰ!»

«ሲሠራ የዋለ ሞተር ወዲያው አይጠፋም። ነዳጅ ሳይረገጥ በሚኒሞ ይቆይ፣ ይቀዝቅዝ።»

ኮምባይነሩ ባለበት ቆሞ ቀስ እያለ ተንተከተከ። ጥሩሰው ዕይታውን ወደ ኋላ አዞረና ጥጓ ላይ የቀረችውን ቢጫ ስንዴ ያይ ጀመር። ኦብሳ ጆይስቲኩን ሊቀበል እጁን እንደዘረጋ ነው። ወደ ማሳው የመጣ ሰው የለም።